ሦስተኛው ትንፋሽ

ጋሽ ከድር መሞቱን የነገረችኝ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ልጅ ናት። "ያ ፍራሽ ሠሪ ሽማግሌ ትናንት ተቀበሩ አሉ፤ ያውቋቸው ነበር አይደል?" አለችኝ ሽንኩርቱን እየመዘነች። ጠዋት ሞቶ ከቀትር በኋላ ኮልፌ መቃብር አስገብተውታል። ቤቱ ውስጥ የእኔን ስልክ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ ተመለስኩ።

"ፍራሽ ሠሪ" ማለቷ አናደደኝ። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ እሷ ስትወለድ እሱ ፍራሽ ሠሪ ነበር። እኔ የማውቀው ግን ሰፈር ሙሉ "ከድር ካለ አለ ነው" ይለው የነበረውን ሰው ነው። ያንን ሰው የሚያስታውስ አሁን ከእኔ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ሁለታችንም ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ በነበረ የጥጥ ፋብሪካ እንሠራ ነበር። እኔ ክር ከሚጠቀልሉት ሴቶች ጋር ነበርኩ፤ እሱ ጥጥ የሚፈታበት ክፍል። ጥጡ በሽቦ ታስሮ፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይመጣል። የእነ ጋሽ ከድር ሥራ ሽቦውን ቆርጠው፣ ጥጡን በእጃቸው እየቦጨቁ ለማሽኑ ማጉረስ ነው። ከዚያ ክፍል የሚወጣ ወጣት ሁሉ ሽማግሌ ይመስላል፤ ቅንድቡም ጢሙም የጆሮው ጸጉርም ነጭ ነው። ጋሽ ከድር ሲያናግሩት ቶሎ አይመልስም። መጀመሪያ በእጁ ጀርባ ሽፋሽፍቱ ላይ ያለውን ጥጥ ይጠርጋል፣ ከዚያ ሰውየውን ትክ ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ ነው አፉን የሚከፍተው።

አይዋሽም ነበር። ይህን ስል ለስላሳ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። አንዳንዴ የሚያስጠላ ሰው ነበር። አዲስ ቀሚስ ለብሼ "ጋሼ፣ እንዴት ነው?" ብዬ ብጠይቀው "ወገብሽ ላይ አላማረም" ብሎኝ ወደ ሥራው ገብቷል። ሚስቱ ዘይነባ ደግሞ "እንግዳ ወጡን ሲያመሰግንልኝ የኔው ሰውዬ ጨው በዝቶበታል ይላል! ጠላት ከውጭ ምን ይሠራልኛል?" እያለች ስትስቅ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ያኔ ትስቅ ነበር። ወላሂ ሲል ግን ሰምቼው አላውቅም። ማል ሲሉት "ለምን? ሳልምል የተናገርኩት ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው?" ይላል።

በዚህ ጠባዩ ክርስቲያኑም እስላሙም ይፈልገው ነበር። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ አጥር ሲገፋ፣ ውርስ ሲያጣላ "ከድር ይጠራልን" ይባላል። የእኔ አባት ከጎጃም የመጣ፣ ሰው ለማመን የማይቸኩል ሰው ነበር። እሱም እንኳ ከጎረቤት ሲጣላ ሽማግሌ አድርጎ የጠራው ጋሽ ከድርን ነው።

ፋብሪካ ውስጥ ግን ይኸው ጠባይ ጠላት አፈራለት። አንድ ጊዜ ከመጋዘን አንድ ጣቃ አቡጀዲ ጠፋ። ካቦአችን ደምሴ የሚባል፣ ጠረጴዛ እየደበደበ የሚናገር ሰው ነበር። ሠራተኛውን ሁሉ አሰልፎ ማን እንደወሰደ ጠየቀ። ሁላችንም አላየንም አልን። ተራው ጋሽ ከድር ጋ ሲደርስ ሽፋሽፍቱን ጠረገና፣

"አይቻለሁ" አለ።

"ማን ነው?"

"አልነግርህም።"

"እንግዲያው አላየሁም በላ!"

"አይቻለሁ እኮ ነው የምልህ።"

ለሁለት ሳምንት ከሥራ ታገደ። የወሰደው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሽ ከድር "አላየሁም" ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ደምሴም በሰው ፊት ባልተዋረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠመደው።

አሁን ስለ ሰኞ ልናገር። ጥጥ የሚፈቱት ሰዎች አንድ በሽታ ነበረባቸው፤ እነሱ ራሳቸው "ሰኞ" ነበር የሚሉት። እሑድ አርፈው ሰኞ ሲገቡ፣ ከምሳ በኋላ ደረታቸው ይታፈናል። ሰው የተቀመጠባቸው ይመስል ትንፋሻቸው እያፏጨ ግድግዳ ይደገፋሉ። ማክሰኞ ይሻላቸዋል። ሐሙስና ዓርብ ያው ብናኝ እየገባ ምንም አይሰማቸውም። እሑድ ሲያርፉ ደግሞ እንደገና ይጀምራል። ከሁሉም የባሰበት ጋሽ ከድር ነበር። የፋብሪካው ድሬሰር ክኒን ይሰጠውና "ሐሙስ ናና ልይህ" ይለዋል፤ ሐሙስ ሲሄድ ደረቱ ንጹሕ ነው።

ደምሴ "እሑድ ጠጅ ቤት ያደረ ሁሉ ሰኞ ደረቱን ያመዋል" ይል ነበር። ጋሽ ከድር ጠጅ በአፉ ዞሮ አያውቅም።

የሠራተኛ ማኅበራችን ገና ጀማሪ ነበር። እኔ የሴቶቹ ወኪል ነበርኩ፤ የተመረጥኩትም በዕውቀቴ ሳይሆን ጮሌ ስለነበርኩ ነው። አንድ ነገር ጠየቅን፤ ደረታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ከዚያ ክፍል ወጥተው ንጹሕ አየር ያለበት ሥራ፣ ግቢ ጥበቃም ይሁን መጋዘን፣ ይመደቡ ብለን። ፋብሪካው "በሽታ ከሆነ ሐኪም ያረጋግጥ" አለ። እኛም አንድ ሐኪም አፈላልገን አመጣን። ከውጭ ተምሮ ገና መመለሱ ነው፤ ልጅ እግር፣ ትሑት፣ መሣሪያውን ራሱ ተሸክሞ የሚዞር። መጀመሪያ ማን ይመርመር ሲባል ሁሉም ወደ ጋሽ ከድር ዞረ። እሱ አሞኛል ካለ ደምሴም ቢሆን ሊከራከር አይችልም ብለን ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር በድሬሰሩ ክፍል ተሰበሰብን። ሐኪሙ፣ ጋሽ ከድር፣ እኔ በማኅበሩ በኩል፣ ደምሴ በፋብሪካው በኩል። አንዳንድ ሠራተኞችም በመስኮት ያያሉ። ሐኪሙ አንድ ጠርሙስ አሳየን።

"ይህ ሂስታሚን ይባላል። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። የጥጡ ብናኝ ሲገባ ደረት ውስጥ የሚለቀቀውም ይኸው ይመስለኛል። እንደ ጉም አድርጌ በትንሹ አስተነፍሳለሁ። ጤነኛ ሰው ይህን ያህል ቢስበው ምንም አይለውም። የታመመ ደረት ግን ይኮማተራል። ትንፋሹን በዚህ መሣሪያ እለካለሁ፤ ብዕሩ ይጽፈዋል።"

"መጀመሪያ ጤነኛ ሰው ይሞክረው" አለ ደምሴ። ራሱ ግን ወደ ኋላ አለ። እኔ ሳብኩት። ጨው ጨው አለኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም። ብዕሩም ያው እንደነበረ ነው።

ቀጥሎ ጋሽ ከድር ሳበው። ብዙም አልቆየ፤ አንገቱ ላይ ያሉ ጅማቶች ተገታተሩ፣ ከደረቱ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ወጣ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ሐኪሙ "ይንፉ፣ ይንፉ" ሲለው የነፋው ትንፋሽ ብዕሩን ከቦታው ብዙም አላንቀሳቀሰውም። መርፌ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ግን ሳያስፈልግ ቀስ በቀስ ለቀቀው። ሐኪሙ ላቡን ጠረገና ወደ ደምሴ ዞረ።

"አዩ? ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።"

"ትንፋሹን ያዘ እንጂ ምን ሆነ?" አለ ደምሴ። "እኔም ልይዝ እችላለሁ። እውነት ከሆነ ይደገም።"

"ሰውየውን ማሰቃየት ነው።"

ጋሽ ከድር ገና በቅጡ መናገር አልቻለም ነበር። እጁን አነሳ።

"ይደገም" አለ። "ካስፈለገ ቀኑን ሙሉ ይደገም።"

ሐኪሙም እምቢ አላለም። እርግጠኛ ነበር። "ስንቴም ቢደገም ያው ነው" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጋሽ ከድር አረፈ፣ ትንፋሹ ተመለሰ፣ ብዕሩም እንደ መጀመሪያው መጻፍ ጀመረ። ያው መድኃኒት በዚያው ልክ ተሰጠው። ጥቂት አፏጨ፣ ጥቂት ሳለ። ብዕሩ የጻፈው ትንፋሽ ግን የመጀመሪያውን ጊዜ ግማሽ ያህል እንኳ አልቀነሰም። ሐኪሙ መሣሪያውን ፈታው፣ አጸዳው፣ መልሶ ገጠመው። ደምሴ ፈገግ አለ።

"ሦስተኛ" አለ።

እስኪያርፍ ስንጠብቅ ተጠግቼ፣ "ጋሼ፣ ስለ ልጆችህ ስትል፣ አሁን ትንሽ ሳል ሳል በል" አልኩት በሹክሹክታ። "ቅድም እውነት አልነበረም እንዴ? ያንኑ ነው የምትደግመው።"

"ካላሳለኝ ምን ብዬ ልሳል?" አለኝ።

ሦስተኛውን ሳበ። መስኮቱ ላይ ያሉት ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ። ሐኪሙ በልመና ዓይን እያየው "ይጨንቅዎታል?" አለው።

ጋሽ ከድር ሽፋሽፍቱን ጠረገ። ያን ቀን ጥጥ አልነካም፣ ሽፋሽፍቱ ላይ ምንም አልነበረም።

"አይ" አለ። "አሁን ምንም የለም።"

ደምሴ እስኪያለቅስ ሳቀ። "ማስመሰሉ ደከመው!" እያለ ወደ መስኮቱ ይጮኻል። መስኮቱ ላይ ከነበሩት፣ ከራሳችን ሰዎች ማለት ነው፣ አንዳንዶቹ አብረውት ሳቁ። ሐኪሙ መጽሐፉን እያገላበጠ "አላውቅም፤ እንዲህ መሆን አልነበረበትም" ይላል ደጋግሞ። የጻፈውም ያንኑ ነው፤ የመጀመሪያው ውጤት በድጋሚ ሙከራ አልተረጋገጠም ብሎ። ያየውን ነው የጻፈው።

ፋብሪካው ጋሽ ከድርን በማታለል ብሎ አሰናበተው። የማኅበሩም ጥያቄ አብሮት ተቀበረ። ከዚያ በኋላ ሰኞ ደረቴን ያለ ሰው ሁሉ "ከድር ያዘህ?" ይባል ጀመር። እያደር ቀልድ ሆነ፣ ከቀልድም አልፎ ተራ ንግግር ሆነ። ሥራ የጠላው ወንድ "ዛሬስ ከድር ይዞኛል" ብሎ ይተኛል። ደረታቸው በእውነት የሚታፈን ሰዎች ይህ ስም እንዳይወጣላቸው ሰኞ ሰኞ ሽንት ቤት ተደብቀው ሲያፏጩ አውቃለሁ።

ሰፈር ውስጥ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ነው የደረሰው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ተካሰው አጥቢያ ዳኛ ፊት ቀረቡ። ችካሉ የት እንደነበረ ያየው ጋሽ ከድር ነበርና ምስክር ተጠራ። ገና ስሙን ሲናገር ተከሳሹ "ይህ ያ የፋብሪካው አስመሳይ አይደለም እንዴ?" አለ። ዳኛው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑና ሌላ ምስክር እንዳለ ጠየቁ። አባቴ እዚያ ነበር። ማታ ሲያወራልን "ሰውዬው ወጥቶ ሄደ" አለ። ከዚያ በኋላ ግን አባቴም ራሱ ለሽምግልና ጠርቶት አያውቅም።

ሌላ ሙያ አልነበረውም። ደጃፉ ላይ ሸራ ወጥሮ ፍራሽ መሥራት ጀመረ፤ ዞሮ ዞሮ ያው ጥጥ። የቆየ ፍራሽ ቀድዶ፣ የጠጠረውን ጥጥ በዱላ እየደበደበ ያላላል። እሑድ እሑድ ስለሚያርፍ ሰኞ ያው ሰኞ ነበር። በዚያ ሳልፍ ዱላውን መሬት ተክሎ ተደግፎት ሲያፏጭ አየዋለሁ። አሁን የሚያየው ሰው ስለሌለ ማንም አስመሳይ አይለውም።

ዘይነባ አንድ ቀን ጓሮ ወሰደችኝ።

"ሙሉ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ። በአላህ ንገሪኝ፣ እውነት ታፍኖ ነበር?"

"በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሊሞት ነበር።"

"ሁለተኛውስ? ሦስተኛውስ ለምን ተወው?"

"እሱን አላውቅም" አልኳት። እሷም፣ "ቢያስመስልም አልፈርድበትም" አለች። "ልጆች አሉን፤ ሰው ሲጨንቀው አንድ ቀን ይዋሻል። እኔን የሚያንገበግበኝ ለእኔ ለሚስቱ አለመንገሩ ነው። ሌሊት ሌሊት እየጠየቅኩት 'አልዋሸሁም' ብሎ ወደ ግድግዳ ይዞራል።"

መንግሥት ተለወጠ፣ ፋብሪካው ተወረሰ፣ ደምሴ የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋ። አዲሱ የሠራተኞች ኮሚቴ በግፍ የተባረሩትን ሲመልስ የጋሽ ከድርንም ጉዳይ አነሳነው። ሰብሳቢው ደስ ብሎት ነበር። "ሐኪሙን አሠሪዎቹ በጉቦ ገዝተውት ነው በል፤ ነገ ሥራህ ላይ ነህ" አለው።

"አልተገዛም" አለ ጋሽ ከድር።

"በምን አወቅህ?"

"አብሬው ነበርኩ። የጻፈው የሆነውን ነው።"

"እንግዲያው አስመስለህ ነበር?"

"አላስመሰልኩም።"

"ከሁለት አንዱ መሆን አለበት እኮ፣ ጓድ!"

"እኔም የገረመኝ እሱ ነው" አለና ወጣ። እኔ ያን ቀን ተከትዬው ወጥቼ ተቆጣሁት፣ ግትር አልኩት፣ ለዘይነባ የማታዝን ብዬ ሰደብኩት። ወደ ዱላውና ወደ ፍራሹ ተመለሰ።

ዘመናት አለፉ። እኔንም በተራዬ ያስለኝ ጀመር፣ ልጆቼ አንድ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ሐኪሟ በልጄ ዕድሜ ያለች ሴት ነች። መርምራኝ ስታበቃ እንደ ጉም የሚሳብ ነገር አመጣች። ስሙን ስትነግረኝ ያው የድሮው ሂስታሚን ነው። ሳብኩት፣ ትንሽ አፈነኝ፣ ለካችው፣ ጨረሰች።

"አይደገምም?" አልኳት።

"ዛሬ አይደገምም እማማ። ቢደገም ያሳስተናል።"

"እንዴት?"

ወንበሯን ሳብ አድርጋ አስረዳችኝ። የአየር ቧንቧ ሂስታሚን አንዴ ከነካው በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት ይላመደዋል አለች። ቧንቧው ራሱ የሚያላላው ነገር ያመነጫል፤ ስለዚህ ያው መድኃኒት በሁለተኛው ያነሰ፣ በሦስተኛው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ያኮማትረዋል። "ይህ ማለት ግን ሰውየው ዳነ ማለት አይደለም" አለችኝ። "በሽታው እዚያው ነው። ደረቱ ለጊዜው መልስ መስጠት ቀነሰ እንጂ።"

"ይህን ሐኪሞች ሁልጊዜ ያውቁ ነበር?"

"ኧረ የለም፣ በኋላ የተደረሰበት ነው። በፊትማ ብዙ ሐኪም ግራ ሳያጋባ አልቀረም።"

ያዘዘችልኝን መድኃኒት ሳልገዛ በቀጥታ ታክሲ ይዤ ኮልፌ ወረድኩ። ዘይነባ ከሞተች ቆይቶ ነበር። ጋሽ ከድር ያው ደጃፉ ላይ፣ ሸራው ሥር፣ ጥጥ መሃል ተቀምጧል። ዱላውን ማንሳት ስላቃተው በጣቱ ነበር የሚያላላው። ጎኑ ተቀመጥኩና የሰማሁትን ሁሉ፣ እንዳልረሳው እየፈራሁ፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። ጣቶቹ ጥጡ ውስጥ ቆሙ። ሽፋሽፍቱን ጠረገ።

"ያ ልጅ ሐኪም ያውቅ ነበር?"

"አያውቅም። ያኔ ማንም አያውቅም ነበር።"

"እንግዲያው አልዋሸም።"

"አልዋሸም።"

"እኔም አልዋሸሁም።"

"አንተም አልዋሸህም ጋሼ።" አለቀስኩ። "ምናለ ዘይነባ ይህን ሰምታ በሞተች!"

መንገዱ ላይ አንድ ረዳት "አስራ ስምንት፣ አስራ ስምንት" እያለ ይጣራ ነበር። ጋሽ ከድር ታክሲው ሞልቶ እስኪሄድ አየው።

"ልትሞት ስትል ልጆቹን አስወጣቻቸው" አለኝ በመጨረሻ። "'ከድር፣ እንግዲህ ልሄድ ነው። ያንን ነገር ንገረኝ። ለልጆቹ ብለህ እንዳደረግከው አውቃለሁ፣ አልቀየምህም። ብቻ ከአፍህ ልስማው' አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"ስንት ዓመት ሙሉ እውነቱን ነግሬያታለሁ፤ አላሳረፋትም። አሁንስ ምን ብላት ነው የምታርፈው አልኩ በልቤ።" ከጥጡ ትንሽ ቆንጥሮ በጣቶቹ መሃል አላላው። "'አዎ፣ አስመስዬ ነው' አልኳት።"

ያላላውን ጥጥ ከጣቱ ተቀበልኩት።

"እጄን ሳመችው። 'ይቅር ብዬሃለሁ' አለችኝ። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።" ቀና ብሎ አየኝ። "ያንን ወዲያው አመነችኝ።"